ፀጉረ ልውጥ ማን ነው?

አማርኛ ባዕዱን የሚለየው በፀጉሩ ነው። ማንም የማያውቀው ሰው መንደር ሲገባ «ፀጉረ ልውጥ» ይባላል። ልብሱ፣ አነጋገሩ፣ አረማመዱ ሁሉ እያለ ፀጉሩ ለምን ተመረጠ? እኔ እንደሚመስለኝ ይህን አባባል የፈጠሩት ሰዎች በራሳቸው ፀጉር ላይ ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ልኩ የእኛ ነው፤ የተለየው እንግዳው ነው፤ አለቀ። ዛሬ ግን ይህንኑ አባባል ይዘን በአዲስ አበባ የፀጉር ቤቶች በር ላይ የተለጠፉትን ፎቶግራፎች ብናይ፣ ፀጉረ ልውጥ ሆነው የምናገኛቸው የገዛ ልጆቻችን ናቸው።

ስለ ፀጉር በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ውበትን የምንለካበትን መለኪያ የሰጡን ዘፈኖቻችንና ግጥሞቻችን ናቸው። መለኪያው ከተንጋደደ መመርመር ያለበትም እዚያው ነው።

የአማርኛ ዘፈን ሴትን ሲያወድስ ዐይኗን፣ ጥርሷን፣ አንገቷን፣ ወገቧን እየቆጠረ ይሄዳል። ለዐይን ብቻ ስንት ዓይነት ምሳሌ አለው! ፀጉር ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ያልቅበታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ያንኑ ዞማ ነው። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ትከሻ ላይ የሚፈስ። ዞማ ፀጉር በአገራችን የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ የሚቆመው፣ እንደ ምንጭ ተጠቅልሎ የሚያድገው፣ ብዙዎቻችን ይዘነው የተወለድነው ፀጉር የውዳሴ ስም ያላገኘው ለምንድን ነው? «ከርዳዳ» የሚለው ቃል አለ፤ እኔ ግን ይህን ቃል የሰማሁት ከሞላ ጎደል በስድብና በፌዝ መካከል ነው። አንዲት ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ዘፈኑን ትሰማለች። እየተወደሰ ያለው የሷ እንዳልሆነ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋትም።

ይህን የቃል ድህነት የበለጠ የሚያሳፍረው ሌላ ቦታ ሀብት መኖሩ ነው። ወደ ዋግ ኽምራ እንሂድ። በየዓመቱ ነሐሴ 16፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ ሻደይ ይጀመራል። ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይጨፍራሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል የዚሁ ቤተሰብ ነው። ለዚህ ቀን የሚደረገው ትልቁ ዝግጅት የፀጉር ነው። እናት፣ እኅት ወይም ጎረቤት ልጅቷን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ በሚዶ ታበጥራለች፣ መስመር ታወጣለች፣ ትጎነጉናለች፣ ቅቤ ትቀባለች።

በሰሜኑ ደጋ ፀጉር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ መታወቂያም ነበር። ቁንጮ ልጅነትን ይናገራል፤ መሃል አናቷን የተላጨችው ሳዱላ ገና ያላገባች መሆኗ ይታወቃል፤ ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯን ትላጫለች። ሹሩባ የሴት ብቻም አልነበረም። የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ሹሩባቸውን ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ያ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ቆይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። እኛም በደስታ ተቀበልነው። የንጉሡን ጉንጉን ከባሕር ማዶ ያስመለሰ አገር፣ ሹሩባ የተሠራ ወጣት ወንድ ሲያልፍ ዞር ብሎ ይስቃል። ይህን ተቃርኖ ማን ይፍታው?

ወደ ቅቤው ልመለስ፤ ምክንያቱም ቅቤው ከጌጥ በላይ የጤና ጉዳይ ነው። ከራስ ቆዳችን የሚመነጨው ቅባት በቀጥተኛ ፀጉር ላይ ያለ ችግር እስከ ጫፉ ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተገታ ጫፉ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር መቀባት፣ ከዚያም ጎንጉኖ በየቀኑ ከመበጠር ማሳረፍ ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። ወደ ተከዜ በሚወርደው በአበርገሌ ቆላ፣ በኒሯቅ ፀሐይ ለሚውል ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። ላቦራቶሪ ያልነበራቸው እናቶች የደረሱበት ዕውቀት ይህ ነው።

ከተማው የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ፀጉር የሚያለሰልሱት ኬሚካሎች በፀጉሩ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ትስስር ይበጥሳሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ራስ ቆዳን ቢያቃጥል አይደንቅም። አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ደግሞ እንደ ተፈጥሮው ስለሚመጣ ሥራው ማብቂያ የለውም። አበው «ራስ ሳይጠና ጉተና» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ገና ራሷ ያልጠና ሕፃን ለበዓል ፀጉሯ በኬሚካል ሲለሰልስ ግን ተረቱ ቃል በቃል ይሠራል።

ጉዳዩ በመቃጠል ብቻ አያበቃም። በአሜሪካ የጡት ካንሰር የያዛቸው እኅቶች ያሏቸው 33,497 ሴቶች ለ11 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ፀጉር ማለስለሻ ፈጽሞ ያልተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በመቶ 1.64 ሲገመት፣ አዘውትረው የተጠቀሙት ግን 4.05 ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ብቸኛ መንሥኤን አላረጋገጠም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ለጥንቃቄ ግን ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን?

እንዲህ ስል የባህሉን ሁሉ ጠበቃ መሆኔ አይደለም። ያገራችን የሆነ ነገር ሁሉ ጤናማ ነው ማለት ሌላ ስንፍና ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ እስኪወጠር የተጎነጎነ ሹሩባ፣ ሲደጋገም ፀጉሩን ከሥሩ ይነቅላል፤ በወቅቱ ካልቆመም ቦታው መላጣ ሆኖ ይቀራል። ሳይታጠብ የከረመ ቅቤ አቧራ ይሰበስባል። ከራስ ወደ ራስ የሚዞር ምላጭ በሽታ ያዞራል። ፀጉርን መውደድ ማለት ላልቶ መሠራቱን፣ መታጠቡን፣ ማረፉንም መውደድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሻደይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መድረክ ወጥቷል፤ ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጉበታል፤ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል። መታየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ካሜራው የሚያሳየን ያለቀውን ሹሩባ ነው፤ ሠሪዋን እጅ አያሳየንም። ጉንጉኑ ምን እንደሚባል፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ማን ከማን እንደተማረችው የሚጠይቅ የለም። በዓሉ ሲያልፍ ቴሌቪዥኑ ወደ ለመደው ማስታወቂያ ይመለሳል፤ እዚያም ፀጉሩ ሁሉ ትከሻ ላይ ይፈሳል። እንዲህ ከሆነ ሹሩባው የበዓል ልብስ ሆነ ማለት ነው፤ ተለብሶ ሳጥን የሚገባ።

ፀጉር ግን የዕለት ተዕለት ሕይወት ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ዋግ ኽምራ ከደረሰ በኋላ፣ ከአበርገሌ ወረዳ፣ ከኒሯቅም ጭምር፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሎ ነበር። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ላሟም ቅቤዋም ሚዶዋም ወደ ኋላ ይቀራሉ። በዚያ ሁኔታ የልጅን ራስ አጥቦ መጎንጎን ቅንጦት አይባልም፤ ልጅቷ ዛሬም የሰው ልጅ፣ የእናት ልጅ መሆኗን መንገሪያ ነው። ሹሩባን እንደ ትርዒት ብቻ የሚያይ ዐይን ይህን ሊያይ አይችልም።

ሌሎች ምን አደረጉ? ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «አሜሪካና» ልብ ወለድ ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀጉሯን የሚጎነጉንላት ፍለጋ ከፕሪንስተን ተነሥታ ትሬንተን ትሄዳለች፤ የትረካው ብዙ ክፍል ከዚያ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ ይመዘዛል። ደራሲዋ ፀጉር ሲሠራ የሚያልፈውን ረጅም ሰዓት ልብ ወለድ የሚቆምበት መሠረት አደረገችው። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ሰውን በተፈጥሮ ፀጉሩ ምክንያት ከሥራና ከትምህርት ቤት ማግለልን ከለከሉ። እኛስ? ከእናት ጉልበት መካከል የተነገረው ወሬ፣ ምክር፣ ሐሜትና እንባ ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር! እኔ ካነበብኋቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች መካከል በዚያ ቦታ ላይ የቆመ አንድም አላስታውስም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። ለገጣሚዎቻችን፦ ዞማን ለጊዜው አሳርፉትና ለቆመው ፀጉር ቃል ፈልጉለት፤ ቋንቋው አይነፍጋችሁም። ለባህል ቢሮዎችና ለመምህራን ደግሞ፦ ኽምጥኛ በዋግ ኽምራ የትምህርት ቋንቋ ሆኗልና፣ የየጉንጉኑ ስም፣ አሠራሩና አጠባበቁ አረጋውያን ሴቶች በሕይወት ሳሉ በኽምጥኛም በአማርኛም ይጻፍ፤ ከንጽሕናና ከጤና ትምህርት ጋርም ይግባ። ሻደይን የምንመዝነው ነሐሴ 16 ቀን በሚመታው ከበሮ ሳይሆን፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት በምትገባው ልጅ ይሁን። በተፈጥሮ ፀጉሯ ሳትሸማቀቅ ከፊተኛው ወንበር ከተቀመጠች በዓሉ ሠርቷል።