ሳይገድሉ ጎፈሬ

የአሜሪካ የኮሌጅ ትግል (ስፖርቱን ማለቴ ነው) ደጋፊዎች የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ለጀግናቸው ድሉን ያስረክባሉ። «ዘንድሮስ ማን ይነካዋል?» ነው ጨዋታው፤ ተጋጣሚው ስም እንኳ የለው።

ለአይዋ ስቴቱ ዳን ጌብልም ይኸው ሙገሳ አልቀረለትም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ 181 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለመጨረሻው የኮሌጅ ፍልሚያው ቀረበ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ላሪ ኦዊንግስ ግን እሱኑ ልግጠም ብሎ ክብደቱን ቀንሶ መጥቶ ኖሯል። 13 ለ11 ረታው።

ጌብልስ ተማረበት፤ በ1972 ሙኒክ ላይ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ያልተማረው ደጋፊው ነው። ተጋጣሚን ከሰው የማይቆጥር ሙገሳ ጀግናውንም ያራክሳል። ማንም ካልነካውማ ምኑን አሸነፈው?