ጎረቤት ያለው ሥራ

የምህንድስና ተማሪ ገና የዩኒቨርሲቲውን የውድድር መኪና ቡድን ሲቀላቀል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለክረምት ኢንተርንሽፕ የሚጠቅመኝ የትኛው ክፍል ነው? ብዙ ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሞተር ወይም ኤሮዳይናሚክስ ቢባል ደስ ይለዋል። እኔ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን ያዝ እላለሁ። ሽቦ መጎተት ለመሐንዲስ ያንሳል የሚሉ አሉ፤ ፎቶ ላይም አይታይም። ቢሆንም ከዚህ መልስ ንቅንቅ አልልም። የቡድን ሥራ ለኢንተርንሽፕ የሚበጀው ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት ያለው ሥራ ስለሚይዝ ነው፤ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ደግሞ እንደ ሽቦው ጎረቤት የበዛበት የለም። ባትሪውን፣ ሴንሰሩን፣ ሞተሩንና ሻንሲውን ከያዙት ልጆች ጋር ሳይነጋገሩ አንድ ክንድ ሽቦ መዘርጋት አይቻልም።

የክፍል የቤት ሥራ ጎረቤት የለውም። ጥያቄው የሚያስፈልገውን ቁጥር ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ መልሱ አስተማሪው ጋ ሲደርስም ነገሩ ያበቃል። ስህተት ቢኖር ነጥብ ይቀነሳል እንጂ ብሎኔ አልገባ አለ ብሎ የሚጮህ ሰው የለም። በቡድን ውስጥ ግን ፍሬን የያዘው ልጅ የፔዳሉን ቦታ በሁለት ሳንቲሜትር ሲያንቀሳቅስ የሻንሲው ሰው ቱቦውን ቆርጦ በይዶ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩ ቦታ ሲቀይር የሽቦው ርዝመት ይቀየራል፤ ባትሪው ሲከብድ የሞላና የአሞርዛተር ስሌት እንደገና ይሠራል። የኩባንያ ሥራም እንዲሁ ነው። ተለማማጁ የሚደርሰው ሌሎች የጀመሩት፣ ሌሎች የሚጨርሱት ሥራ ላይ ነው፤ የሚጎድለው ቁጥር ያለው መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን ሦስት ወንበር አልፎ የተቀመጠ ሰው እጅ ነው። ኢንተርንሽፑ እንደ ልማዱ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቢቆይ፣ ለመጠየቅ አፍሮ ሦስት ሳምንት ዝም ያለ ተማሪ ሩብ ያህሉን አባከነ ማለት ነው። ቡድን ውስጥ ያለፈው ግን ይህን ሥራ ከእኔ የሚረከበው ማን ነው፣ በምን መልክ ይፈልገዋል፣ ለመቼ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል።

በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውን የፎርሙላ ኤስኤኢ የተማሪዎች ውድድር ሕግ ያነበበ ሰው ይህን ይረዳል። ከጠቅላላው 1000 ነጥብ 325ቱ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሚሰጥ ነው፤ 150 ለንድፍ፣ 100 ለወጪ፣ 75 ለንግድ ዕቅድ ገለጻ። የንድፍ ዳኞቹ፣ ብዙዎቹ በኢንዱስትሪው የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ ምን ሠራችሁ ከማለት ይልቅ ለምን እንዲህ ሠራችሁ ማለት ይወዳሉ። ትልቁን 275 ነጥብ የያዘው ደግሞ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈጀው የጽናት ውድድር ሲሆን፣ በየዓመቱ ብዙ መኪኖች ሳይጨርሱት ይቀራሉ። የሚያስቆማቸው ብዙ ጊዜ የረቀቀ የስሌት ስህተት ሳይሆን የላላ ሶኬት፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ የተፈታ ብሎን ነው። ሕጉ ወሳኝ ብሎኖች እንዳይፈቱ መቆለፊያ እንዲኖራቸው፣ ጫፋቸውም ከዳዶው ቢያንስ ሁለት ጥርስ አልፎ እንዲታይ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። የትልልቆቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ናሳ ወደ ማርስ የላካትን መንኮራኩር በ1999 ያጣው አንዱ ወገን በፓውንድ የሰጠውን የግፊት መረጃ ሌላው በኒውተን ስለተቀበለው ነው። በ2006 የኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን ርክክብ ሲዘገይ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በሃምቡርግና በቱሉዝ ያሉት መሐንዲሶቹ የተለያየ የንድፍ ሶፍትዌር እትም መጠቀማቸውና ሽቦዎቹ አለመግጠማቸው ነበር። በሁለቱም ቦታ እውቀት ሞልቶ ነበር፤ የተሰበረው በጎረቤታሞቹ ድንበር ላይ ነው።

ለብቻ የሚሠራ ፕሮጀክት ይበልጣል የሚሉ አሉ። እነሱ እንደሚሉት ብቻውን ሮቦት የሠራ ልጅ ሁሉንም ስለሚያውቅ በሰው ሥራ አይሸፈንም። ክርክሩ እውነት አለው፤ ቡድን ውስጥ ስሙን አስመዝግቦ ቲሸርት ብቻ የለበሰም ሞልቷል። ነገር ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው የድንበሩን ሁለት ወገን ራሱ ይዟል። ሽቦው ቢያጥር ቀዳዳውን ያዛውራል፤ ማንንም አያስፈቅድም፣ ለማንም አይጽፍም። ኩባንያ ውስጥ ግን ቀዳዳው የሌላ ሰው ነው፤ ምናልባትም የሌላ አገር አቅራቢ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ቡድን የሚገባው ድሮም ጎበዝ የሆነው ነው፣ ስለዚህ ኢንተርንሽፑን ያገኘው በጉብዝናው እንጂ በቡድኑ አይደለም ይባላል። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። እኔ የምለው ግን ስለ ቅጥር ዕድል ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከተገኘ በኋላ ስላለው ባሕርይ ነው። የስብሰባ ማስታወሻ መያዝ፣ መዘግየትን ሳይረፍድ መናገር፣ ሥዕል ላይ የተለወጠውን ለሚመለከተው ማሳወቅ በልምምድ እንጂ በተፈጥሮ አይገኝም። ቡድኖች ክፉ ልማድ ያስተምራሉ የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ መሥራትን ጀግንነት የሚያደርግ፣ ሰነድ የማይጽፍ፣ ተመራቂ በሄደ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ቡድን ተማሪውን ውጤቱንም ያሳጣዋል፣ ለኩባንያም የማይሆን አድርጎ ይልከዋል። ስለዚህ ቡድን ሲመረጥ የዋንጫ መደርደሪያው ሳይሆን ያለፈው ዓመት አባላት ጽፈው የተዉት ፋይል ይታይ።

ጊዜ የሌለውስ? በአሜሪካና በአውሮፓ የሚማሩ ብዙ የእኛ ልጆች ከክፍል ወጥተው የሚሮጡት ወደ ወርክሾፕ ሳይሆን ወደ ሥራ ነው። ለእነሱ የማታ ፈረቃውም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ምን እንዳለቀ፣ ምን እንደቀረ፣ ምን እንደተበላሸ ለማያገኘው ተረካቢ ጽፎ መሄድ የለመደ ልጅ ዋናውን ነገር ይዟል፤ ይህንንም በማመልከቻው ላይ ሳያፍር ይጻፈው። ኢንተርንሽፕ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል በሆነበት በአገር ቤት ደግሞ ዘመናዊ ወርክሾፕ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድን የክፍል ፕሮጀክት ለሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዲገጥመው ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ተማሪም መኪና ሠራን ብሎ አይጀምር። ለማን ምን ቁጥር ቃል እንደገባ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ለማን እንደነገረ፣ ያ ሰው በዚያ ምክንያት ምን እንደቀየረ ይናገር። ምህንድስና ለእኔ ከሁሉ በላይ የአክብሮት ትምህርት ነው፤ የሠራሁት ነገር ጥሩ የሚባለው የሚረከበኝ ሰው ሳይደውልልኝ ሊቀጥለው ሲችል ነው። የስሌቱን ሶፍትዌር ኩባንያው በሁለት ሳምንት ያስተምራል፤ ለተረካቢ ማሰብን ግን ተማሪው ይዞት ካልገባ አንድ ክረምት አይበቃውም።