«ባዶ»፣ «ያለቀ»፣ «ጊዜው ያለፈበት»፤ በአውሮፕላን የጭነት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን ስንመረምር አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሥርወ ቃልና ስለ አረባብ ነው። ቃሉ ከግዕዝ ይምጣ ወይስ ከሕዝቡ አፍ ይወሰድ፣ ባዕዱ ቃል እንዳለ ይግባ ወይስ ይተርጎም በማለት ብዙ ገጽ እንፈጃለን። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም ቢበዛ የሚያስከትለው ጉዳት የአንባቢ መሰልቸት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ይኸውም በአውሮፕላን የሚጫኑና እሳት ሊያስነሡ የሚችሉ ዕቃዎች የሚጠሩባቸው የአማርኛ ቃላት ተግባራቸውን ይፈጽማሉ ወይ የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት አብዛኞቹ አይፈጽሙም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ከደረሰ አንድ አደጋ እንጀምራለን።

ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1996፣ ቫልዩጄት ይባል የነበረው የአሜሪካ አየር መንገድ ዲሲ-9 አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥሩ 592፣ ከማያሚ ወደ አትላንታ ተነሥቶ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደበረረ ኤቨርግሌድስ በሚባለው የፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ እሳቱ የተነሣው ከፊተኛው የጭነት ክፍል መሆኑ ታወቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአውሮፕላን ጎማዎች ጋር በአምስት ካርቶን የታሸጉ ኦክስጅን አመንጪዎች ተጭነው ነበር። ኦክስጅን አመንጪ ማለት አየር በሚሳሳበት ጊዜ ከመንገደኛው ራስ በላይ የሚወርደውን የመተንፈሻ ጭንብል የሚመግብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሶዲየም ክሎሬት የተባለ ንጥረ ነገር አለበት፤ መቀስቀሻው ሲመታ ይህ ንጥረ ነገር እየጋለ ኦክስጅን ያወጣል፤ የቆርቆሮው ገላም ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። መቀስቀሻው እንዳይመታ የሚያግደው ቆብ በቆርቆሮዎቹ ላይ አልተደረገም ነበር። የጭነቱ ወረቀት ግን ዕቃውን የገለጸው የኦክስጅን ቆርቆሮዎች ናቸው፣ ባዶ ናቸው በማለት ነበር።

ባዶ አልነበሩም። ታዲያ ባዶ ያሰኛቸው ምንድን ነው? ከሌሎች አውሮፕላኖች የተነቀሉት አብዛኞቹ የአገልግሎት ዘመናቸው በማለፉ ነው፤ እንግሊዝኛው ይህን «ኤክስፓየርድ» ይለዋል። የጥገናው ካርድ ደግሞ አመንጪው «ኤክስፔንድድ» ካልሆነ፣ ማለትም ሠርቶ ካላበቃ፣ ቆቡ እንዲደረግለት ያዛል። ሁለቱ ቃላት በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በትርጉም ግን አንደኛው ስለ ቀን፣ ሁለተኛው ስለ ይዘት ይናገራል። ቀኑ ያለፈ አመንጪ ሆዱ ሙሉ ነው። ከቆርቆሮዎቹ ጋር በታሰሩት ወረቀቶች ላይ ቀናቸው እንዳለፈ ተጽፎ ነበር፤ ይህ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የጭነት ጸሓፊው ዘንድ «ባዶ» ሆኖ ደረሰ። ጥፋቱ ሁሉ የቃል ነው አንልም። ቆቦቹ በጥገናው ቤት አልነበሩም፤ ያልተፈጸመ ሥራ እንደተፈጸመ ሆኖ ተፈርሟል፤ አየር መንገዱም እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመጫን ፈቃድ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ወረቀቱ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ጭነቱን የተቀበሉት ሰዎች ቆም ብለው ለማሰብ አንድ ምክንያት ያገኙ ነበር።

ይህ የእንግሊዝኛ ችግር ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ነገሩን ወደ አማርኛ እንመልሰው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ባልደረባውን «እነዚህ አመንጪዎች አልቀዋል» ቢለው ባልደረባው ምን ይረዳል? «አለቀ» እንግዳ የማይመርጥ ግስ ነው። ጊዜ ያልቃል፤ ጤፍ ያልቃል፤ ሥራ ያልቃል። ያለቀ ቤት ተሠርቶ የተፈጸመ ቤት ነው፤ ያለቀ ልብስ ግን ሳስቶ ለመጣል የደረሰ ልብስ ነው። እንግሊዝኛው በሁለት ተቀራራቢ ቃላት የተሰናከለበትን ስፍራ አማርኛው በአንድ ቃል ብቻ ይሰናከልበታል ማለት ነው።

«ጊዜው ያለፈበት» የሚለው በመጀመሪያ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ባለቤቱ ጊዜው እንጂ ዕቃው አይደለምና። ነገር ግን ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደው በመድኃኒትና በታሸገ ምግብ ላይ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ስንል ኃይሉን ያጣ፣ የማይሠራ መድኃኒት ነው የሚታየን። ከዚህም በላይ ጊዜው ያለፈበት አስተሳሰብ፣ ጊዜው ያለፈበት ፋሽን እንላለን፤ የተናቀና የደከመ ነገር ማለታችን ነው። ይህ የድካም ጥላ ለአንድ ኪኒን ባይጎዳም ለኦክስጅን አመንጪ ግን ገዳይ ነው፤ ቀኑ ያለፈ ኬሚካል አይደክምም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይብስበታል። ስለሆነም ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ «ቀኑ ያለፈ»፣ ለሁለተኛው «የተሟጠጠ» እንዲባል እናሳስባለን። እንስራ የሚሟጠጠው ጠብታ እስከማይቀርበት ድረስ ነው፤ ቃሉን የሚጽፍ ሰውም ውስጡን ሳያይ ለመጻፍ እጁ ያመነታል የሚል ተስፋ አለን።

ስለ «ባዶ» ብዙ ማለት ይቻላል፤ ባጭሩ ግን ይህ ቃል ብቻውን በጭነት ወረቀት ላይ መጻፍ የለበትም። ባዶ ቤት ስንል ሰው የሌለበት ቤት ይሁን ዕቃ የሌለበት የሚታወቀው በአገባቡ ነው። የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር እሳቱ እንቢ ባለ ጊዜ ባዶ ይባላል፤ ውስጡ ግን ጥቂት ጋዝ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የአደገኛ ጭነት ሕግም ይህን ስለሚያውቅ አደገኛ ፈሳሽ ይዞ የነበረ ዕቃ ካልጸዳ በቀር እንደ ባዶ አይቆጥረውም። አማርኛው «ባዶና የጸዳ» ወይም «ባዶ፣ ያልጸዳ» ብሎ እንዲለይ ማድረግ አንድ ቃል ብቻ መጨመር ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ባሕርይ እንግባ፤ የስያሜው ጉድለት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። የቫልዩጄት አውሮፕላን የጭነት ክፍል በዚያን ጊዜ «ዲ» ከሚባለው መደብ ነበር። እንዲህ ያለው ክፍል የጢስ ጠቋሚም ሆነ የእሳት ማጥፊያ አልነበረውም፤ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ በመሠራቱ እሳት ቢነሣ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ በራሱ ይታፈናል ተብሎ ይታመን ነበር። ኦክስጅን የሚያወጣ ዕቃ ሲጫንበት ግን ይህ እምነት ከመሠረቱ ተናደ። የታፈነው እሳት የሚተነፍሰውን አየር ከጎኑ አገኘ።

እንዲህ ያለውን ዕቃ አማርኛው ምን ይለዋል? በአብዛኛው «ተቀጣጣይ» ተብሎ ከቤንዚንና ከአልኮል ጋር ይደመራል፤ አለዚያም «ኦክሲዳይዘር» ተብሎ እንዳለ ይተዋል። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ለብዙዎች ድምፅ ብቻ ነው። ቤንዚን ራሱ ይነዳል፤ ኦክሲዳይዘር ግን ሌላውን ያነዳል። ዓለም አቀፉ አመዳደብም ተቀጣጣይ ፈሳሾችን በመደብ 3፣ ኦክሲዳይዘሮችን በመደብ 5 ለይቶ ያስቀምጣል። ቋንቋችን ለዚህ ልዩነት የሚበቃ መሣሪያ አለው፤ «ወረደ» ወራጅን፣ «አወረደ» አውራጅን እንደሚሰጡን ሁሉ «ነደደ» ነዳጅን፣ «አነደደ» አንዳጅን ይሰጡናል። ነዳጅ የሚለውን ሕዝቡ ለመኪና ዘይት ስላዋለው ሥርወ ቃሉ ተረስቷል እንጂ ትርጉሙ የሚነድ ነገር ማለት ነው። «አንዳጅ» ከጎኑ ቢቆም ጥንዱ ሙሉ ይሆናል። አንዳጅ ማለት ምድጃ የምታነድ ሴትም ሊሆን ይችላል ተብሎ ሊነቀፍ እንደሚችል እናውቃለን። ነቀፋው እውነት ነው፤ ሆኖም በካርቶን ላይ የምድጃ አንዳጅ አይጠበቅም። «አቀጣጣይ» የሚለውን ግን ለክብሪትና ለብልጭታ ልንተወው ይገባል፤ እርሱ የሚጀምር እንጂ የሚያበረታ አይደለም።

ከዚሁ ጋር «መከላከል» የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል። የእሳት መከላከያ ስንል የውሃ መኪናውንም፣ ቀዩን ሲሊንደርም፣ እሳት እንዳይነሣ የሚደረገውን ጥንቃቄም በአንድነት እንጠራለን። መከላከል በወታደር ቋንቋ የመጣን ጠላት መመከት ነው፤ ጠላቱ እንዳይነሣ ማድረግን በግልጽ አያሳይም። በአውሮፕላን ላይ እሳትን ማስቀረት፣ ማፈን እና ማጥፋት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚመሰክር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ የአሜሪካን ኤርላይንስ አውሮፕላን የ«ዲ» ክፍል ውስጥ፣ ሳይገለጽ የተጫነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ፈስሶ እሳት ተነሣ፤ የመንገደኞቹ ወለል ግሎ እስኪለሰልስ ድረስ ከነደደ በኋላ አውሮፕላኑ በሰላም ናሽቪል አረፈ። የደኅንነት ቦርዱ ማፈን ብቻውን አይበቃም፣ ጠቋሚና ማጥፊያ ይግባ ብሎ አሳሰበ፤ የአቪዬሽን አስተዳደሩ ሐሳቡን አልተቀበለም። የ«ዲ» ክፍሎች እንዲለወጡ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ከቫልዩጄት አደጋ በኋላ፣ በ1998 ነው።

ስለ «አቃጣይ» ደግሞ አንድ የቆየ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1973 የፓን አም 707 የጭነት አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሲሄድ ጢስ የአብራሪዎቹን ክፍል ስለ ሞላው ወደ ቦስተን ሲመለስ ወድቆ ሦስቱም ሠራተኞች ሞቱ። ከጭነቱ መካከል የናይትሪክ አሲድ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ጠርሙሶቹ የታሸጉት በሰጋቱራ ነበር። የፈሰሰው አሲድ ከሰጋቱራው ጋር ሲገናኝ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ጢስና ሙቀት እንደፈጠረ መርማሪዎቹ ገመቱ። እኛ አሲድ ያቃጥላል እንላለን፤ በርበሬም ያቃጥላል፤ ፀሐይም ታቃጥላለች። በሣጥን ላይ «የሚያቃጥል» የሚል ቢጻፍ አንባቢው ለእጁ ቆዳ ይጠነቀቅ ይሆናል እንጂ ለሰጋቱራው አይጠነቀቅም። ብረትንና ቆዳን ለሚበላው «ቦርቧሪ» ብለን፣ ናይትሪክ አሲድን የመሰለው ግን ቦርቧሪም አንዳጅም መሆኑን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን በመጻፍ ብናስታውቅ የተሻለ ነው።

ለመንገደኛው የሚቀርበው «አደገኛ ዕቃ ይዘዋል?» የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ ነው። አደገኛ በዕለታዊ ንግግር የሰውና የአውሬ ቅጽል ነው፤ አደገኛ ወንበዴ፣ አደገኛ ውሻ እንላለን። ሽቶ፣ የቀለም ማቅጠኛና ትርፍ ባትሪ በሻንጣው የያዘ ጨዋ መንገደኛ «ኧረ የለኝም» ቢል አልዋሸም። ጥያቄው ዕቃዎቹን በስማቸው ካልጠራ መልሱ ምንም አይጠቅምም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የባትሪው ስም ነው። በአማርኛ ባትሪ ማለት ለብዙ ሰው በእጅ የሚያዘው መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባው «ድንጋይ» ይባላል። ስሙ ለአሮጌው ደረቅ ባትሪ ደኅና ነበር፤ ድንጋይ አይነድምና። የሊቲየም ባትሪ ግን ይነዳል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሊቲየም ባትሪዎችን የጫነ የዩፒኤስ 747 የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ እንደተነሣ በእሳት ተይዞ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ሂዝሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 አውሮፕላን ላይ የተነሣው እሳት ምንጩ የአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ ራዲዮው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን የብሪታንያ መርማሪዎች አረጋግጠዋል፤ እርግጥ ይህ የአውሮፕላኑ የራሱ ዕቃ እንጂ ጭነት አልነበረም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ወዲህ የሊቲየም አዮን ባትሪ ብቻውን በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ተከልክሏል፤ የመንገደኛው ትርፍ ባትሪም በእጅ ሻንጣ እንጂ ከሥር በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ይህ ዕቃ በዓለም አቀፉ አመዳደብ የሚገኘው በመደብ 9 ሲሆን መደቡ በአማርኛ «ልዩ ልዩ» መባሉ ሌላ ጉዳት ነው። በእኛ ቋንቋ ልዩ ልዩ የሚባለው ከዋናው ጉዳይ የተረፈ ነገር ነው፤ በስብሰባ አጀንዳ ላይም ሰው ለመሄድ ሲነሣ የሚወሳ ነው።

የበረራ ሰዎች በእንግሊዝኛ ስለሚሠሩ የአማርኛው ስያሜ ምን ይፈይዳል የሚሉ አሉ። ነገር ግን በማያሚ የተሳሳተው አብራሪው አልነበረም። ቃሉ የተበላሸው በመጋዘን ውስጥ፣ በካርቶንና በወረቀት መካከል ነው። በአገራችንም በመርካቶ ካርቶን የሚያሽግ ነጋዴ፣ ለዘመዱ የተላከለትን ስልክ የሚቀበል መንገደኛ፣ ሻንጣ የሚጭን ወጣት እርስ በርሱ የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ አይደለም።

አንድ ጽንሰ ሐሳብ እስካሁን አልተሳካልንም። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሙቀት ሌላ ሙቀት እየወለደ ከአንዱ ሕዋስ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ሃሎን የተባለው ማጥፊያ ነበልባሉን ቢያጠፋም ይህን መሻገር አያቆመውም። «ተዛማች ግለት» ብለን ነበር፤ መሻገሩን ይገልጻል፤ ሙቀቱ ራሱን በራሱ ማባዛቱን ግን አይገልጽም። «የሙቀት ፍርጠጣ» ያሉም አሉ፤ እኛ ግን የሚፈረጥጥ ፈረስ ከጋጣው ይርቃል፣ ይህ ግን ጋጣውን ያቃጥላል በማለት ትተነዋል። የሚሻል ቃል ያለው አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ እናወጣዋለን።