እጅ እስኪፍታታ

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ጎን፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ትንሿ ስታዲየም አለች። ትልቁ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችበት ነውና ስሙ በየቤቱ ይታወቃል። ትንሿ ግን የቅርጫት ኳስ፣ የመረብ ኳስና የእጅ ኳስ ሰዎች ቤት ናት። ከካዛንቺስም ከቂርቆስም በእግር ይደረስባታል።

ቅርጫት ኳስ ለማየት ወደዚህች ሜዳ ጎራ ያለ ተመልካች ዓይኑን ኳሷ ላይ ይተክላል። የተጫዋቹን ሥራ ማየት ለሚፈልግ ግን ከእግር መጀመር ይሻላል። ጎበዝ ተጫዋች ኳሷ እጁ ከመግባቷ በፊት ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይጠብቃታል። ስትደርሰው አንደኛው እግር ያርፋል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ የሁለቱም ጣቶች ወደ ቅርጫቱ ዞረዋል። ኳሷን ከያዘ በኋላ የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ሁሉንም ቀድሞ ጨርሶታል። ያልበሰለው ተጫዋች ደግሞ መጀመሪያ ኳሷን ይይዛል፣ ቀጥሎ እግሩን ይፈልጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቅርጫቱን ይፈልጋል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ተከላካዩ ደርሶበታል።

ከእግር ወደ ክርን እንውጣ። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የውስጥ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሷ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ትጠጋለች። ሲሰሙት ሰፊ ይመስላል። ዳሩ ግን ኳሷ ዝቅ ብላ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ አዘንብላ ከመጣች፣ ከእሷ አቅጣጫ ሲታይ የቀለበቱ አፍ ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠባል። ቀለበቱን ሳትነካ ማለፍ አትችልም። በ45 ዲግሪ ስትወርድ ግን አፉ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይከፈትላታል። ክርኑን ከፍ አድርጎ ኳሷን ወደ ሰማይ የሚልክ ልጅ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ላይሠራው ይችላል፤ ክንዱ ግን ያውቀዋል።

የመጨረሻው ሥራ የጣቶቹ ነው። የእጅ አንጓው ወደ ፊት ሲሰበር ጣቶቹ ኳሷን ከሥር ይቧጥጧታል፤ እሷም ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትሄዳለች። ያ ሽክርክሪት ለውበት አይደለም። ኳሷ ቀለበቱን ወይም ሰሌዳውን ስትነካ የወደፊት ግፊቷን ይገድለውና ወደ ታች፣ ወደ ቅርጫቱ ይመልሳታል። ሰዎች «ዕድለኛ ነው፣ ነክታም ትገባለታለች» የሚሉት ተጫዋች ብዙ ጊዜ ዕድሉን በገዛ ጣቶቹ የሠራ ነው።

እንዲህ ያለ እጅ ያለው ተማሪ ሲገኝ አንድ ጥያቄ አብሮት ይመጣል፦ ትምህርቱ ላይ ይቆይ ወይስ ኳሱን ይዞ ይሂድ? በአሜሪካ ኮሌጆች ጥያቄው የሚነሳው ገንዘብ በር ስለሚያንኳኳ ነው። በእኛ ሰፈር የሚነሳው ገንዘብ ስለሌለ ነው፤ እናት ልጇን «ኳሱን ተውና ደብተርህን ያዝ» ትለዋለች። ሁለቱም ቦታ ላይ ግን ሰው የሚያየው ዋጋውን ነው። እኔ የምለው፣ መልሱ ያለው ሥራው ውስጥ ነው። እጁ የት ደርሷል? ምን ይቀረዋል? የቀረውን ሊያስጨርሰው የሚችለው ቦታና መምህር የት ነው ያለው?

ሀኪም ኦላጁዎንን እንውሰድ። ሌጎስ ያደገው ይህ ናይጄሪያዊ ከቅርጫት ኳስ በፊት እጅ ኳስና እግር ኳስ ተጫውቷል፤ በኋላ ዓለም የተደነቀበትን እግር ያገኘውም ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ቡድኑ በአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። የአንድ ዓመት ትምህርት ሲቀረው እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ሙያተኞች ሊግ፣ ባደረገው የተጫዋቾች ምልመላም አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

የእሱን ሥራ ዝግ ብሎ ማየት ይገባል። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳሷን ይቀበላል። ትከሻውን ወደ ግራ ይጥላል፤ ተከላካዩ ይከተለዋል። ኦላጁዎን ግን አልሄደም፤ የሄደው ትከሻው ብቻ ነበር። አንዱን እግሩን እንደ ችካል ተክሎ በሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ተከላካዩ ከደረሰበት ለመወርወር እንደሚነሳ ሆኖ ያታልለዋል፤ ሰውዬው ሲዘል እሱ ከክንዱ ሥር ሾልኮ ያስገባል። በዚህ ሁሉ መሐል ችካሉ እግር ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ቢነቃነቅ ዳኛው ያፏጫል። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓመቱ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ዴቪድ ሮቢንሰን ራሱ በዚህ እግር ፊት መላ አጥቶ ነበር።

ታዲያ ኦላጁዎን ትምህርቱን ሳይጨርስ መውጣቱ ስህተት ነበር? አልነበረም። በበጋ ወራት ሂውስተን ውስጥ በሚገኝ የሕዝብ መጫወቻ አዳራሽ ከሞሰስ ማሎን ጋር ይጋፈጥ ነበር። ማሎን በዚያን ጊዜ ከሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ኦላጁዎን ከኮሌጅ ሲወጣ ከጎልማሶች ጋር መታገልን አስቀድሞ ተምሮታል። የቀረውን የሚጨርስበት ቦታ ሊጉ ራሱ ነበር።

ቲም ደንከን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ከቨርጂን ደሴቶች የመጣ ዋናተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ የሚለማመድበትን የመዋኛ ገንዳ ካፈረሰው በኋላ ፊቱን ወደ ቅርጫት ኳስ አዞረ። እናቱ ያረፈችው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ትምህርቱን እንደሚጨርስ ቃል ገብቶላት ነበር። በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሳለ አስቀድሞ ቢወጣ ከፊተኞቹ ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይነገር ነበር፤ እሱ ግን አራቱንም ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1997 በሥነ ልቦና ተመርቆ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ከሳን አንቶኒዮ ቡድን ጋር አምስት የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

የደንከን መለያ በሰሌዳው የሚያስቆጥረው ኳስ ነው። ከቅርጫቱ ጎን፣ ሰያፍ በሆነ ማዕዘን ላይ ይቆማል። ቀለበቱን አያይም፤ ሰሌዳው ላይ በተሰመረው አራት ማዕዘን አንድ ነጥብ ላይ ዓይኑን ያሳርፋል። ኳሷን ከፍ አድርጎ፣ በለስላሳ እጅ ይልካታል። ሰሌዳው ፍጥነቷን ይቀበላትና ወደ ቀለበቱ ያወርዳታል። ጭብጨባ የሚጠራ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ማዕዘን ላይ ይህን ያህል አስተማማኝ መንገድ የለም፤ ደንከን ይህን አውቆ ሌላው የናቀውን መሣሪያ ሙሉ ሕይወቱን ሳለው። አራቱ የኮሌጅ ዓመታት ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ጊዜ ሰጡት። ሸማኔ ጥለቱን ሲጥል ክሩን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው፤ ቸኩሎ የጣለው ጥለት ከሩቅ ያምር ይሆናል እንጂ በቅርብ ሲያዩት ይፈታል። የደንከን ጥለት አልተፈታም።

እነዚህ ሁለቱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያሉ ናቸው። ለእኛ ቀረብ ያለው ኑኒ ኦሞት ነው። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ ተሰደው ኬንያ ሲገቡ እሱ እዚያው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው። በኮሌጅ የጀመረው ትልልቆቹ መልማዮች ዓይናቸውን ከሚጥሉበት መድረክ ዝቅ ብሎ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በሚጫወተው ኮንኮርዲያ ሴንት ፖል ነበር። በኋላ ወደ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮሌጅ ጊዜውን ጨረሰ። በዚያ ዓመት ምልመላ ስሙ አልተጠራም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። ኦሞት ግን ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ይዞ ከሩቅ የሚወረውር ተጫዋች ነው። ረጅም ልጅ ከቅርጫቱ ሥር እንዲቆም በሚታዘዝበት ጨዋታ የሩቅ ውርወራ መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ክርኑ ትንሽ ከተዛባ ኳሷ ቀለበቱ ጋ ስትደርስ ስህተቱ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ያን ክንድ ማስተካከል ዓመታት ይጠይቃል። እሱም ከአገር አገር፣ ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኪጋሊ ላይ ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ሲያሸንፍ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ በአሜሪካ ላይ 24 ነጥብ አስቆጠረ። በኮሌጅ መቆየት ኤንቢኤን አልሰጠውም፤ ሥራውን የሚቀጥልበት መሠረት ግን ሰጠው።

ከቅርጫት ኳስ ወጣ ብለን ሩጫውን ብናይም ይኸው ነው። ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ወላጆች ልጅ ነው፤ ኬንታኪ ተወልዶ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ተምሯል። የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆችን 1,500 ሜትር ያሸነፈ ቢሆንም ትምህርቱን ጨርሶ ነው ወደ ሙያተኛ ሩጫ የገባው። በፓሪስ ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት ከሁለተኛው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተበልጦ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ነሐስ አገኘ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ የእኛው ዮሚፍ ቀጀልቻ ይዞት የነበረውን የቤት ውስጥ የአንድ ማይል ክብረ ወሰን ሰበረ። የጥርስ ሕክምናው ቆይቶም ይደርሳል፤ የሃያዎቹ ዕድሜ እግር ግን አይጠብቅም። ያሬድ ሁለቱንም በየሰዓታቸው አስቀመጣቸው።

ዛሬ የኮሌጁ ዓለም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ ምልመላ ጀምሮ ወደ ኤንቢኤ የሚገባ አሜሪካዊ ወጣት ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ስለዚህ «ልቆይ» ማለት «ልራብ» ማለት መሆኑ ቀርቷል። በሴኔጋል የሠለጠነው የደቡብ ሱዳኑ ካማን ማሉዋች በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ምልመላ አሥረኛ ሆኖ ተመረጠ። የአንድ ዓመት መንገድም፣ የአራት ዓመት መንገድም አለ። የትኛውም ለሁሉም አይሆንም።

ወደ ቂርቆስና ካዛንቺስ ልጆች ስመለስ ጥያቄው ይከብደኛል። እነሱን የሚጠብቅ የምልመላ ሌሊት የለም። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወሩ። የዚህ ጨዋታ ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በእግሩ ሜዳ ይደርስ የነበረ ልጅ ዛሬ ሁለት ታክሲ መያዝ ካለበት፣ ከእጁ ላይ በየሳምንቱ የሚጎድለው ብዙ ነው። አዲስ የሚሠሩት ሰፈሮች ቅርጫት የተሰቀለበት፣ መብራት ያለው፣ መሬቱ የማያንሸራትት ሜዳ ሊኖራቸው ይገባል። ሜዳ ከቤት በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ካልሆነ ሥልጠና አይባልም።

ለእናቶችና ለአባቶች የምለውም አለኝ። ልጃችሁ ኳስ ሲወረውር ደብተሩን የከዳ አይምሰላችሁ። አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ደግሞ፣ ስህተቱን ራሱ አግኝቶ፣ ራሱ የሚያርም ልጅ ማጥናት ምን እንደሆነ እየተማረ ነው። ትምህርቱም ኳሱን አያጠፋውም፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተጫዋች ቢያንስ አራት ዓመት ሜዳ፣ ጓደኛና ተጋጣሚ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም እነዚህን ልጆች ለውድድር ሰሞን ብቻ የሚጠሩዋቸው ሳይሆን እጃቸውን የሚያስጨርሱላቸው ቢሆኑ ምንኛ መልካም ነበር።

ይቆይ ወይስ ይሂድ ለሚለኝ ሰው ሦስት ነገር እንዲያይ እነግረዋለሁ። አንደኛ፣ ልጁ በግራ እጁም በቀኙ ያህል ይሠራል? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና በመጨረሻው ሩብ ትንፋሹ ሲያጥር ጉልበቱ አሁንም ይታጠፋል ወይስ ኳሷ እያጠረች ከቀለበቱ በታች መውደቅ ጀምራለች? ሦስተኛ፣ ነገ ስህተቱን የሚነግረው ሰው የት ነው ያለው፣ በትምህርት ቤቱ ወይስ በሚሄድበት? ሰውዬው ያለው በትምህርት ቤቱ ከሆነ ይቆይ፤ በሚሄድበት ከሆነ ይሂድ። የሚነግረው ሰው በሁለቱም ቦታ ከሌለ ግን ጥያቄው የልጁ መሆኑ ቀርቶ የእኛ ሆኗል፤ አሠልጣኝና ሜዳ ልናዘጋጅለት የሚገባን እኛ ነን።