«ያሳዝናል» ያልነው ለማን ነው?

ሦስተኛው ክፍል አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውረድ ሲጀምር፣ አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ በረጅሙ ተነፈሰና «ሲያሳዝን!» አለ። እኔም «አዎ፣ ያሳዝናል» አልኩ። ሻይ ልናፈላ ተነሳን። ውሃው ሳይፈላ አንድ ነገር ከነከነኝና «ማን ነው ያሳዘነህ?» አልኩት።

«አሮን ነዋ!» አለኝ፣ ጥያቄዬ ገርሞት።

የተገደለውን ልጅ ስም ጠየቅኩት። አላስታወሰውም። እኔም ብሆን «ኦዲን» ከሚለው አላልፍ አልኩ። ሦስት ክፍል ሙሉ ስለ አንድ ግድያ አይተን የሟቹን ሙሉ ስም ሳንይዝ ተነሳን። ይሄ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ሻይ ነው።

ፊልሙ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ያወጣው፣ ጂኖ ማክደርሞት ያዘጋጀው «ኪለር ኢንሳይድ፦ ዘ ማይንድ ኦፍ አሮን ሄርናንዴዝ» ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላላያችሁት በአጭሩ፦ ሄርናንዴዝ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ የእኛን እግር ኳስ ሳይሆን ያንን ሄልሜት አድርገው እንደ በሬ የሚጋጩበትን። ኮነቲከት ውስጥ ብሪስቶል በምትባል ከተማ አደገ፣ በ2010 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ገባ፣ በ2012 የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በጁን 2013 ኦዲን ሎይድ ከሄርናንዴዝ ቤት ብዙም በማይርቅ የኢንዱስትሪ ሰፈር ተገድሎ ተገኘ። በኤፕሪል 2015 ሄርናንዴዝ በአንደኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ የሁለት ሰዎች ግድያ ክስ ነፃ በተባለ በአምስተኛው ቀን፣ እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ። 27 ዓመቱ ነበር። ሎይድም ሲገደል 27 ዓመቱ ነበር።

ፊልሙ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ችግሩ በደንብ መሠራቱ ነው። ከእስር ቤት የተቀዱት የስልክ ንግግሮች ሰውየውን ቤታችሁ ድረስ ያመጡታል። ይቀልዳል፣ ይነጫነጫል፣ ልጁን ይናፍቃል፣ እናቱ ላይ ይጮሃል። ነፍሰ ገዳይ ሲስቅ መስማት ግራ ያጋባል፤ ከመጥላታችሁ በፊት ትለምዱታላችሁ። ከዚያ ፊልሙ ምክንያት መደርደር ይጀምራል። መጀመሪያ የሚመታው አባት፣ ልጁ ገና 16 ዓመቱ እያለ ድንገት የሞተው። ቀጥሎ ከሁሉ ደብቆት ስለኖረው ፆታዊ ማንነት የሚባለው ነገር። በመጨረሻም፣ ልክ እንደ ተከታታይ ድራማ መደምደሚያ፣ አንጎሉ።

አንጎሉ ላይ ልቆይ፤ ፊልሙ የተጣደፈው እዚህ ላይ ነውና።

ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር አን ማኪ የምትመራው ቡድን የሄርናንዴዝን አንጎል መርምሮ በ2017 ውጤቱን ይፋ አደረገ። ሲቲኢ የሚባለው በሽታ ነበረበት፤ ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ። በዚያ ዕድሜ ካዩት ሁሉ የከፋ ነበር። ሲቲኢ ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣ ነው፤ ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቅበት ትልቁ ምት ብቻ ሳይሆን ማንም የማይቆጥራቸው በየልምምዱ ያሉ ትንንሽ ግጭቶችም ይጠራቀማሉ። አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ሲናጥ ታው የሚባለው ፕሮቲን ከቦታው ይላቀቅና በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ይቋጠራል፤ ከዓመት ዓመትም ይስፋፋል። ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰበር ያድናል እንጂ ውስጥ ያለውን ከመናጥ አያስቆምም። በበሽታው በብዛት ከሚጠቁት አንዱ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው። «ተው፣ ቆይ፣ አስብበት» የሚለን እሱ ነው።

ይሄንን ስትሰሙ «በቃ ተገኘ!» ማለት ያምራል። እኔም ብያለሁ። ግን ቆይ። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ አንጎሉ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። በ2017 በወጣ ታዋቂ ጥናት ከ111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል 110ሩ ላይ ተገኝቷል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ግን አንጎሎቹ ቤተሰብ «አንድ ነገር አለ» ብሎ የሰጣቸው ናቸው፣ ስለዚህ ከመቶ ተጫዋች ስንቱ እንደታመመ አይነግረንም። ደግሞ ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከነዚያ 110 ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አልገደሉም። ረሱ፣ ተከዙ፣ ቤታቸው ጠፋባቸው፣ ከሚስታቸው ተጣሉ። የግድያ ታሪኮችም አሉ፤ በ2012 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆቫን ቤልቸር የልጁን እናት ካሳንድራ ፐርኪንስን ገድሎ ራሱን አጠፋ፣ በ2021 ደግሞ ፊሊፕ አዳምስ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስድስት ሰው ገደለ። ሁለቱም አንጎል ላይ በኋላ የበሽታው ምልክት ተገኝቷል። በሽታው ቁጣን የሚይዘውን ልጓም ያላላል ማለት ይቻላል። «ይሄን ሰው በዚህ ሌሊት ያስገደለው በሽታው ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳይንቲስት እንዲህ ብሎ አይፈርምላችሁም።

በሎይድ ሌሊት የሆነውን ደግሞ አስቡት። ሄርናንዴዝ ሁለት ወዳጆቹን ከሌላ ከተማ ጠርቶ አስመጣ። ሎይድን በውድቅት ሌሊት ከቤቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ አስገባው። ከግድያው በኋላ የቤቱ የካሜራ ሥርዓት ተበላሽቶ፣ ስልኩም ተሰባብሮ ነበር ፖሊስ እጅ የገባው። ይሄ ሰዓታት የፈጀ ነገር ነው። «ተው፣ ቆይ» የሚለው ክፍል ተጎድቷል ካልን፣ ጓደኛ ጠርቶ፣ መኪና ነድቶ፣ ማስረጃ ያጠፋውስ የትኛው ክፍል ነው? ምናልባት መልስ ይኖረዋል፤ የታመመ አንጎል እኮ ማቀድ አይችልም ማለት አይደለም፣ የሚያቅደውን ነገር ክብደት ላይረዳ ይችላል። ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቁ ድክመት ይሄን ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። የካሜራውን ምስል አንድ ቦታ ያሳየናል፣ አንጎሉን ሌላ ቦታ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አያፋጥጣቸውም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳል። «ምክንያት» እና «ማመካኘት» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው አርፍዶ መጥቶ ሲያስረዳን፣ ምክንያቱን እየነገረን ይሁን እያመካኘ የምንለየው በቃላቱ አይደለም። ማን ፊት እንደሚናገርና ምን ለማስቀረት እንደሚናገር አይተን ነው። ያው አንጎል፣ ያው የታው ነጠብጣብ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ፣ በሐዘን ሙዚቃ ታጅቦ ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ሟቹን ከጨዋታው ያስወጣል። ሲመስለኝ ጓደኛዬን ስሙን ያስረሳው ይሄ ነው። እኛ ደግሞ «ትንሽ ነካ ያደርገዋል» ስንል ያደግን ሰዎች ነን፤ የተነካ ሰው ብዙ አይጠየቅም።

«ኮንከሽን» የተባለውን የ2015 ፊልም ያያችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል። እዚያ ዊል ስሚዝ ናይጄሪያ የተወለደውን ሐኪም ቤኔት ኦማሉን ሆኖ ይጫወታል፤ በ2002 የሞተውን የፒትስበርጉን ማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ሊጉን የተጋፈጠውን። በእውነትም የሊጉ ሐኪሞች ጥናቱ ከመጽሔቱ እንዲነሳ ጠይቀው ነበር። ያ ፊልም ብዙ ያጋንናል፣ ግን ሥራው ቀላል ነው፤ ተጫዋቾቹ በዋናነት የሚጎዱት ራሳቸውን ነው፣ ክፉው ደግሞ ገንዘብ ያለው ድርጅት ነው። ማልቀስ ይቻላል፣ ማንንም ሳንበድል። በሄርናንዴዝ ታሪክ እንዲህ አይቻልም። እሱ ተጎጂም ጎጂም ነው፤ አንዱን ስታነሱ ሌላው ይወድቃል። እንዲህ ያለ ታሪክ የያዘ ፊልም ሁለቱን ለመሸከም ጉልበት ይፈልጋል፤ «ኪለር ኢንሳይድ» መሃል መንገድ ላይ ደከመው።

«የአሜሪካኖች ጣጣ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ በጎን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዛዊው አጥቂ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ የአሟሟቱን መንስኤ ያጣሩት ባለሥልጣን ከሥራው የመጣ በሽታ ነው ብለው ነበር። ሥራው ቴስታ ነበር። በ2019 ግላስጎው የወጣ ጥናት የስኮትላንድ የቀድሞ ፕሮፌሽናሎች ከአንጎል መድከም ጋር በተያያዙ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስ በቴስታ እንዳይመቱ ፌዴሬሽኑ ከ2015 ጀምሮ ከልክሏል። ሰፈራችን ውስጥ ግን በዝናብ የራሰች ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ያልተጨበጨበለት ልጅ አለ? ለእኔም ተጨብጭቦልኛል። ያን ዕለት ማታ ራሴን እንዳመመኝ ያስታወስኩት አሁን ይሄን ስጽፍ ነው።

ስለ ኦዲን ሎይድ ደግሞ ፊልሙ በችኮላ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። እሱም ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ቦስተን ባንዲትስ በሚባል ከፊል ፕሮፌሽናል ቡድን ውስጥ መስመር ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ እንደ ሄርናንዴዝ ሚሊዮን አልተከፈለውም። ሁለቱ የተዋወቁት የሴት ጓደኞቻቸው እህትማማቾች ስለነበሩ ነው። የአንዱን ጭንቅላት ስንት ጊዜ እንደተመታ ለማወቅ ሦስት ክፍል ሙሉ ቆየን። የሌላው ጭንቅላት ስንት ጊዜ እንደተመታ ፊልሙም አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅንም።

እናቱ ኡርሱላ ዋርድ ትባላለች። ፍርዱ የተሰጠ ዕለት፣ በ2015፣ ችሎት ፊት ቆማ በልጇ ሞት እጃቸው ያለበትን ሁሉ ይቅር ማለቷን ተናገረች። በዚያን ጊዜ ስለ ታው ያወራላት ሰው አልነበረም፤ የአንጎሉ ውጤት የወጣው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሄርናንዴዝ ይግባኙ ሳይታይ ስለሞተ በ2017 ዳኛ ፍርዱን ሰረዘው፤ የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 መልሶ አጸናው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ በሕግ ፊት፣ ልጇን የገደለው ሰው አልነበረም። እሷ ግን ይቅርታዋን አስቀድማ ሰጥታ ነበር፤ ለማን እንደሰጠች ታውቃለች።

ሻዩ ሲቀዳ ጓደኛዬ ሪሞቱን አነሳ። «እናትየዋ የምትናገርበት የቱ ጋ ነበር?» አለ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይመስለኛል አልኩት። ወደ ኋላ መለሰው።