የራስ ልብስ መሥሪያና ማኖሪያ ዕቃዎች በምዕራብ ጎጃም
ስለ አሰባሰባቸው የቀረበ ሒስ

የሕዝብን የእጅ ሥራ ሊያጠና የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ስሙን አስቀድሞ የሚያውቀውን ዕቃ ይፈልጋል፤ ስሙን ያልሰማውን ግን ዐይኑ እያየው ያልፈዋል። ይህ ጉድለት የራስ ልብስን በሚመለከት ጥናት ላይ ጐልቶ ይታያል።

በአውሮፓ የባርኔጣ ሥራ የራሱ የሆነ መሣሪያ አለው። ከእንስሳ ጠጉር ተጠቅጥቆ የተሠራው ወፍራም ጨርቅ በእንፋሎት ይለሰልስና በሰው ራስ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅም ቅርጹን ይይዛል። በፈረንጆች ዘመን በ1857 በኢጣልያ አገር በአሌሳንድሪያ ከተማ እንደ ተቋቋመው እንደ ቦርሳሊኖ ያሉ ፋብሪካዎች ስማቸውን ያተረፉት በዚህ ሥራ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ባርኔጣ የማድረግ ልማድ እየቀነሰ ሲሄድ እነዚያ እንጨቶች ከሥራ ቤት ወጥተው የሰብሳቢዎች መደርደሪያ ጌጥ ሆኑ። ይህን ሐሳብ ይዞ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚዞር ሰብሳቢ እንዲህ ያለ እንጨት ባያገኝ «በዚህ አገር የራስ ልብስ መሥሪያ የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ፍርዱ ግን የችኰላ ነው።

ጥምጥምን ለአብነት መመልከት ይበቃል። የካህኑና የደብተራው ጥምጥም ሥራው የሚጀምረው ከጥጡ ነው። ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቲቱ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ሸማኔውም በመወርወሪያው ድሩን ከማጉ ያገናኛል። ከዚህ በኋላ ቅርጽ የሚሰጠው እንጨት ሳይሆን የባለቤቱ ራስ ነው፤ እጅ እየዞረ ያጥፈዋል፥ ይደራርበዋል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም የጥምጥም መሥሪያ ተብሎ አይጠራም፤ ነጠላውንም ኩታውንም ቀሚሱንም የሚያወጡት እነርሱው ናቸውና። ስለዚህ መሣሪያው የለም ማለት ሳይሆን ለራስ ልብስ ብቻ የተለየ አይደለም ማለት ይገባል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሰብሳቢውን የሚመራው ወደ ሌላ ደጅ ነው፤ ይኸውም ወደ ፈታይዋና ወደ ሸማኔው ደጅ።

ከሣር በሚሠራውም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። እረኛ በክረምት ከራሱ እስከ ጀርባው የሚከለልበት ገሳ ከሣር የሚታታ ነው፤ ዋናው መሣሪያው ጣት ነው። በስፌት የሚሠራ ሲሆን ደግሞ ወስፌ ይጨመራል፤ ይህችው ወስፌ መሶቡንም ሌማቱንም ሰፌዱንም ትሰፋለች። ወስፌ በመልኳ ከአንድ ጉጥ በላይ አትመስልም፤ ጥበቡ ያለው ስንደዶው መቼ እንደሚለቀም፥ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ፥ ክሩ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በማወቅ ላይ ነው። ይህን የማይጽፍ ሰብሳቢ ከገበያ የገዛው ስለት ያለው ብረት ብቻ ነው።

ማኖሪያውም እንዲሁ ነው። በገጠር ቤት ከጭቃው ግድግዳ ላይ የተተከለ የበሬ ቀንድ ወይም ችካል ባርኔጣውንም ጋሻውንም ጅራፉንም ይይዛል። ቀንዱ ከግድግዳው ተነቅሎ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ተራ ቀንድ ይሆናል፤ ማኖሪያ ያደረገው ግድግዳው ነበርና። በሙዚየሞች የሚታየው ብርኩማም የባርኔጣ መቆሚያ አይደለም፤ የተሠራ ጠጉር በእንቅልፍ ጊዜ እንዳይበላሽ ራስን የሚደግፍ ነው። በቅርጹ ብቻ የሚፈርድ ሰው ዕቃውን ያገኛል፥ ነገሩን ግን ያጣል።

ማርሴል ግሪዮል በፈረንጆች ዘመን በ1928 እና በ1929 ጎጃምን ያየ፥ ከ1931 እስከ 1933 ደግሞ ከዳካር እስከ ጂቡቲ የተደረገውን የጥናት ጉዞ የመራ ሰው ነው። ለዚያ ጉዞ በ1931 የወጣው የዕቃ ሰብሳቢዎች መምሪያ፥ ተራ ዕቃ ከውድ ጌጥ ይልቅ ስለ ሕዝቡ ኑሮ እንደሚናገር ያስተምራል። ይህ ትምህርት ዛሬም የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ ዕቃውን ከምስክሮች ሁሉ የታመነ አድርጎ መቀበሉ ነው፤ ወስፌ ግን ያለ ሰፊዋ እጅ ምስክርነቷ ጐዶሎ ነው።

በሌላው ጫፍ መቅደላ አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው የወርቅ ዘውድ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ዘውዱ ሀብት ሆኖ ተዘረፈ፤ ያበጀውን አንጥረኛ መዶሻ ግን ማንም እንደ ሀብት አልቈጠረውም። በዚህ ነገር የሚወቀሰው ባዕድ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ መከልከላቸው፥ ሸማኔና ቀጥቃጭ የሚለው የሙያ ስም በገዛ አገሩ ስድብ ሆኖ እንደ ነበር ያስረዳል። ሠሪው የተናቀበት አገር መሣሪያውን አክብሮ ሊያኖር አይችልም።

ጊዜውም አይጠብቅም። የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 በፈረንጆች ዘመን ከተቋቋመ ወዲህ የፋብሪካ ክርና ጨርቅ ለገበሬው ቀርቦለታል፤ ፕላስቲክም በገሳው ቦታ ገብቷል። የተረፈውን ለማዳን አዲስ ማበጀት አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው አዲሱን በጢስ አጥቍሮ አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነው። አዲስ የተበጀ ዕቃ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ቢይዝ ራሱ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። የኢኳዶር የሣር ባርኔጣ በ2012 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ የተመዘገበው ባርኔጣው ሳይሆን የሽመናው ዕውቀት ነበር።

እንግዲህ በቡሬ ገበያ አንዲት ወስፌ የሚገዛ ተማሪ ከወስፌዋ ጋር የሰፊዋን የአንድ ቀን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ የምትናገረውንም ቃል በራሷ አነጋገር ጽፎ ማምጣት ይገባዋል። ሁለቱ አብረው ካልተቀመጡ መዝገቡ ጐዶሎ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት።