የወፍጮ ቤቱ ጨው

«ጨው ከተውኩ ቆየሁ፣ ልጄ» አሉኝ እማማ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። የደም ግፊታቸው ግን የላይኛው ቁጥር ከ160 አልወርድ ካለ ሦስት ወሩ ነው። መድኃኒታቸውን አያዛንፉም። የዋሹኝ መሰለኝ።

በጤና ጣቢያ የግፊት ታካሚዎችን ስለ አመጋገብ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ያኔ ማስተማር ማለት ለእኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል በእንጨት እየጠቆሙ ማንበብ ነበር። ሥዕሉ ላይ ዓሣና ብሮኮሊ አለ፤ ፊቴ የተቀመጡት ጠዋት ፍርፍር በልተው የመጡ፣ ማታ ሽሮ የሚጠብቃቸው ናቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ትልቅ ሰው አንገቱን የሚነቀንቀው አንዳንዴ ለይሉኝታ እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ «ምን ይበላሉ?» ማለቴን ትቼ፣ «የትናንት ማታውን ሽሮ እንዴት እንደሠሩት ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሽንኩርቱን አቁላሉ፣ በርበሬውን ጨመሩ፣ ውኃው ሲፈላ ሽሮውን ነሰነሱ። ጨውስ? «ቆንጠር እንኳ አላደረግኩም!» በርበሬው ሲዘጋጅ ምን ምን እንደገባበት ጠየቅኩ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ እያሉ ቆጥረው ቆጥረው፣ «ጨው» ሲሉ ቆም አሉ። ሽሮውም ሲፈጭ ጨው አለው። እማማ አልዋሹኝም። ጨዉ ድስታቸው ውስጥ የገባው ከወራት በፊት፣ ወፍጮ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን ትቼ ነጭ ሰሃንና የሻይ ማንኪያ ይዤ እገባለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፣ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ። ሰሃኑ ላይ አፈሰዋለሁ። «ለዓመቱ በርበሬ ስንት ኪሎ ጨው አስገባችሁ? ስንት ሰው ይበላዋል?» ብዬ ዝም እላለሁ። ሂሳቡን እነሱ ይሠሩታል።

ክርክሩም የእነሱ ነው። አንዷ «ጨው የሌለው በርበሬ ይነቅዛል» አለች። ሌላዋ፣ ለግፊተኛ ባሏ ትንሽ ለብቻ አስፈጭታ በደንብ በሚከደን ዕቃ እንደምታስቀምጥ ነገረቻት። ይህን ከየትኛውም ሥልጠና አላገኘሁትም። የእኔ ድርሻ ጥቂት ማከል ነው፦ ጨዉን ቀስ በቀስ ቢቀንሱ ምላስ በሳምንታት እንደሚለምድ፤ የሚቀረው ጥቂቱም ለእንቅርት ሲባል አዮዲን ያለው እንዲሆን። ለወንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እነግራለሁ፤ ድስቱን የሚይዘውን ሰው ይዛችሁ ኑ።

እማማ ግን ያን ዕለት ሲወጡ፣ «የዘንድሮው ተፈጭቷል፣ ልጄ። ልድፋው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን የጨውን ትምህርት የምሰጠው ሰው የዓመት በርበሬውን ከመግዛቱ በፊት ነው።